የኩሽናውን ማብሪያ አትንኪ

አንቺ የቤታችን ኢንጂነር፣

የኩሽናውን ማብሪያ እንዳትነኪ። ትናንት ከገጠምሽው ወዲህ ሲጫኑት መብራቱ አይበራም፤ ማቀዝቀዣው ነው የሚነዝረው። ጠዋት ቀምሼዋለሁ። ደህና ነኝ።

ከቆጣሪው አጥፍቻለሁ፤ እንዳትመልሺው።

ካቻቢቴውንና ፒንሳውን ይዣቸው ሄጃለሁ፣ አትፈልጊ። ስመለስ እኔው እሠራዋለሁ።

አዎ፣ እኔ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ይህንኑ ነው። ምን እንደተማርኩ ጠይቀሽኝ አታውቂም።

ሽቦ በጥርስሽ እየላጥሽ «አንቺ ዝም ብለሽ ባትሪውን ያዢልኝ» አልሽኝ፤ ያዝኩልሽ። ወደ ማቀዝቀዣው ቆርቆሮ የሚሄደውን አረንጓዴ ገመድ ከማብሪያው ጋር ስታጋቢም እያየሁ ዝም አልኩ።

አፍሬ ነው እንዳልልሽ፣ ተናድጄ ነበር። መብራቱ እምቢ ሲልሽ ልስቅብሽ ነበር።

ዛሬ ቀድመሽኝ ተነስተሽ ቢሆን ኖሮ…

ወተቱን አውጥቼዋለሁ፤ ሳይበላሽ ጠጪው።