ወደ ቀኝ አሥራ አራት ዙር

ኅዳር 4

አባባ ዛሬ ጫማቸውን አድርገው ጠበቁኝ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። ግራና ቀኙ ተቀያይሯል። ቀይሬ አሰርኩላቸው። «አረፈድክ» አሉ። አላረፈድኩም። የጠዋት ፈረቃ አስተምሬ፣ ምሳዬን መንገድ ላይ እየጎረስኩ ነው የመጣሁት። ይሁን።

ከመጦሪያው በር እስከ ዳቦ ቤቱ፣ ከዚያ በትምህርት ቤቱ አጥር ዞረን ተመለስን። አርባ ደቂቃ። በእግረኛው መንገድ አይሄዱም። አንዴ ወደ አስፋልቱ ጠርዝ፣ አንዴ ወደ አጥር ሥር... እጃቸውን ስይዝ ያስለቅቁኛል። ሚዛናቸውን የሳቱ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ግን ልብ አልኩ። የሚቆሙት የብረት ክዳን ያለበት ቦታ ነው። ክቡም ጋ፣ ካሬውም ጋ። በጫማቸው ጫፍ ነካ ያደርጉና ያልፋሉ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት የውሃ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ከመሬት በታች ያለውን ቧንቧ ተከትለው ነው የሚሄዱት? ወይስ እኔ ነኝ ትርጉም የምፈልግለት?

ታላቅ እኅቴ እትዬ ስትደውል ነገርኳት። «አንተ ስትፈላሰፍ መኪና ይገጫቸዋል» አለች። የማዛወሪያውን ወረቀት ነገር ደግማ አነሣች። ላይኛው ፎቅ። እዚያ በሩ ይቆለፋል፤ አንዴ ከገቡ የእግር ጉዞ የሚባል ነገር የለም። የሁለታችን ፊርማ ያስፈልጋል። የሷ አለ። የኔ ቦታ ባዶ ነው።

ኅዳር 5

ዛሬ ረዳታቸው ሆኛለሁ።

«አንተ ረዳት፣ መክፈቻዬ የታለ?» አሉኝ፣ ገና በሩን ሳልፍ። የቤቱን ቁልፍ ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩና ወለሉ ላይ ጣሉት።

«በዚህ ምን ልክፈት? የሚስትህን ሣጥን?»

አጠገባቸው የሚተኛው ጡረተኛ ሹፌር እስኪያስለው ሳቀ።

«ሚስት የለኝም» አልኩ።

«ማን ይሰጥሃል» አሉ።

ኅዳር 6

ገባኝ። አሮጌው ቤት ሄጄ ዕቃ ቤቱን በረበርኩ፤ ከመሰላሉ ጀርባ አገኘሁት። ቁመቱ ወገቤ ድረስ የሚደርስ ብረት ነው። አናቱ ላይ አግዳሚ እጀታ፣ ጫፉ ላይ የቫልቭ ራስ የሚይዝ አራት ማዕዘን ቀዳዳ። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ወሰድኩላቸው።

የመጦሪያው ኃላፊ ሲስተር «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች።

«ምርኩዛቸው ነው።»

ውሸት ነው? እጀታውን ጨብጠው ሲነሡ እንደ ወትሮው አልጎበጡም። እሷም አየች። «ወለሉን እንዳይቧጭርብኝ ብቻ» ብላ አለፈች።

መንገድ ላይ አወሩኝ። ስለ ልጃቸው።

«ልጅ አለኝ፤ ካርታ ያስተምራል። የዓለምን ወንዝ አንድ በአንድ በቃሉ ይወጣዋል። ቤቱ የሚገባው ውሃ ከየት እንደሚመጣ ግን አያውቅም።»

«ጎበዝ ነው?» ለምን እንደ ጠየቅኩ እንጃ።

«ለወረቀት ጎበዝ ነው። እጁ ግን...» መዳፋቸውን እንደ እርጥብ ጨርቅ አንጠለጠሉት።

«ይጠይቅዎታል?»

«ማን?»

«ልጅዎ።»

አሰቡ። «ሥራ ይበዛበታል» አሉ።

አራት ወር ሙሉ አንድ ቀን አላጎደልኩም። ለማን አቤት ይባላል?

ኅዳር 7

አንድ ነገር ሠራን። ደግ ይሁን ክፉ አላውቅም።

ዳቦ ቤቱ ጋ ሳንደርስ ካሬው ክዳን ላይ ቆሙ። ዛሬ አላለፉትም። በብረቱ ጫፍ ፈንቅለው ከፈቱት፤ እኔ ጎንበስ እስክል ጨርሰዋል። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው! ብረቱን ቫልቩ ላይ ተከሉና ጆሯቸውን እጀታው ላይ አደረጉ። አዳመጡ። መኪና ሲያልፍ እጃቸውን አንሥተው ዝም ሊያሰኙት ሞከሩ።

«ዘግተዋታል» አሉ። «ሰዉ ውሃ የለውም። ያዝ።»

«አባባ፣ ይሄ የመንግሥት...»

«ያዝ አልኩህ! ወደ ቀኝ። ይቺ ወደ ቀኝ ነው የምትከፈተው፤ ስንቱ ተሳስቶባታል መሰለህ። ቀስ በል። የቸኮልክ እንደሆነ ቧንቧው ይፈነዳል። ዙሩን ቁጠር።»

ቆጠርኩ። እጃቸው እጄ ላይ ነበር። ይሻክራል። እንዲህ የያዙኝ መቼ ነው? ትዝ አይለኝም። ስምንት ላይ «እረፍ» አሉ። አሥራ አራት ላይ ብረቱ እምቢ አለ።

«በቃ። ጎሽ።»

ጎሽ ነው ያሉት። ለኔ? ለረዳቱ?

ዘንቢል የያዘች ሴት አጠገባችን ቆማ «ደግሞ ልትዘጉብን ነው?» አለች።

አባባ ኮፍያቸውን ነካ አድርገው «ልንከፍትልሽ ነው እንጂ» አሉ።

ስንመለስ ያፏጩ ነበር።

ኅዳር 8

መጦሪያው ውስጥ ውሃ የለም።

ኮሪደሩ ላይ ጀሪካን ተደርድሯል። ልብስ ማጠቢያው በር ላይ አንሶላ ተከምሯል። ምግብ አብሳይዋ ከመንገድ ማዶ ሁለት ባልዲ አንጠልጥላ ስትገባ አገኘኋት። «ማታ በጣሪያው ታንከር ውሃ አደርን፤ ጠዋት እሱም አለቀ» አለች። «ውሃ መሥሪያ ቤት ብንደውል፣ በመስመሩ ችግር የለም ይሉናል። እንግዲያ እኔ ጠጣሁት?»

ሴትየዋ «ልትዘጉብን ነው?» ነበር ያለችው። የሌለ ውሃ እንዴት ይዘጋል? ያኔ ጆሮዬ የት ነበር?

አባባ ጋ ሄጄ በሹክሹክታ «ወደ ቀኝ መክፈቻ ነው አላሉኝም?» አልኳቸው።

«የምን ቀኝ?»

«ትናንት። ቫልቩ።»

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ በትሕትና፣ ለእንግዳ እንደሚባለው፣ «ይቅርታ፣ እርስዎን አላወቅኩዎትም» አሉ።

አባባ አንቱ ብለውኝ አያውቁም። ምን ይባላል? «ረዳትዎ ነኝ» አልኩ።

«ረዳት የለኝም። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ስንት ዘመኔ።»

ልክ ናቸው። ከቀን ሁሉ ዛሬ ልክ ሆኑ!

ብረቱን ፈለግኩ። አልጋው ሥር የለም። ወለሉን ቧጨረ ብላ ሲስተር ቢሮዋ ቆልፋበታለች።

ኅዳር 9

ክዳኑ አጠገብ ብቻዬን ቆምኩ። ሩብ ሰዓት።

ወደ ቀኝ ከዘጋሁት ወደ ግራ ይከፈታል። ይሄ ግልጽ ነው። ግን እኔ ነኝ የዘጋሁት? ችግሩ ሌላ ቦታ ሆኖ፣ የከፈትኩትን መልሼ ብዘጋስ? አባባ እጀታው ላይ ተደፍተው የሰሙት ምን ነበር? ደግሞስ በምን ላዙረው፣ በጣቴ? ብረቱን ለማግኘት ለሲስተር መናገር አለብኝ። ከተናገርኩ ነገውኑ ላይኛው ፎቅ ናቸው።

ካልተናገርኩስ... ሠላሳ ሰባት አዛውንት በባልዲ። ሹፌሩ ገላውን አልታጠበም። ይሸታል። ራሱም ያውቃል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የዋለው።

ወደ ቤቴ ሄድኩ። ፈሪ።

ጠዋት ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ላይ ወንዝ ስዬ፣ ወደየት እንደሚፈስ ጠፋኝ። ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። የአባባም መርሳት ሲጀምር እንዲህ ነበር እንዴ?

ኅዳር 10

ልናገር ነበር። ወስኜ እየሄድኩ ነበር።

የውሃ መሥሪያ ቤቱ መኪና ካሬው ክዳን አጠገብ ቆሟል። ጢሙ የሸበተ ፎርማን በደረቱ ተኝቶ፣ እጁን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ «ማነው ይቺን የዘጋት?» ይላል።

«ሌባ ይሆን?» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

«ሌባ ቫልቭ ዘግቶ ምን ያተርፋል?» ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ። «የኛው ሰው ሥራ ነው። ያውም የድሮ ሰው። አንዲት መገጣጠሚያ ሳያንጠባጥብ፣ አባብሎ ነው የዘጋት። ድሮ በዚህ መስመር ያሉት ወደ ቀኝ ነበር የሚከፈቱት። ካቻምና ነቅለን እንደ ሌላው ሰፈር ወደ ግራ የሚከፈት ተከልን። ጀማሪ አይሳሳትባትም። የሚሳሳትባት በደንብ የሚያውቃት ነው።»

ወደ ግራ አሥራ አራት ዙር አዞረ። በልቤ ቆጠርኩለት።

እንግዲያስ አባባ አልሳቱም? የተናገሩት ሁሉ ልክ ነበር፤ እስከ ካቻምና። ታዲያ ክፍት የነበረችውን ለምን ዝግ ናት አሉ? ሰምተው ነው ወይስ መሥራት ፈልገው? ይኸው ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። አልገባኝም።

ውሃው ስለ መጣ ሳልናገር ተመለስኩ። ይሄም አልገባኝም።

ኅዳር 11

ባለ ዘንቢሏ ሴት ለጥበቃው ነግራዋለች። አንድ ሽማግሌና አንድ ጎልማሳ፣ ብረት ይዘው። ጥበቃው ለሲስተር።

ቢሮዋ ስገባ እትዬ ተቀምጣለች፤ ወረቀቱ ጉልበቷ ላይ ነው። ብረቱ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል።

ሲስተር ነገር አታዞርም። «ማን ነው የዘጋው?» አለች። «አባትዎ ከሆኑ ላይ ይወጣሉ። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው በባልዲ አጥቤያለሁ፤ ሌላ ምርጫ የለኝም። እርስዎ ከሆኑ ደግሞ፣ ከእንግዲህ ከበር ውጪ ይዘዋቸው አይሄዱም። መጠየቅ ይችላሉ፤ እዚሁ ክፍላቸው።»

እትዬ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «በገዛ እጄ ነው ያዞርኩት።»

«እሳቸው ሳይሉዎት?»

«እኔ ነኝ።»

ኮሪደሩ ላይ እትዬ «አሁን ደስ አለህ?» አለችኝ። «ማን ሊያወጣቸው ነው? እኔ፣ በዚህ ጉልበቴ? ላይ ሆኑ ታች ሆኑ ያው አይወጡም! የጀግንነትህ ትርፉ ምኑ ላይ ነው?»

«በሩ አይቆለፍባቸውም።»

«በር!» አለች። አፍንጫዋን ጠረገች። «ልጅ ሆነህም እንዲሁ ነበርክ። ያልሰበርከውን ብርጭቆ እኔ ነኝ ትል ነበር።»

«ማን ነበር የሚሰብረው?»

ወረቀቱን ለሁለት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አልቀደደችውም።

ኅዳር 13

ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ዋልን።

«አንሄድም?» አሉ።

«ዝናብ ነው።»

ፀሐይዋ አልጋው ድረስ ገብታለች። ብርሃኑን አዩ፣ እኔን አዩ። «ለአለቃህ ዋሽ» አሉኝ። «ለኔ አትዋሽ።»

ኅዳር 14

«አንሄድም?»

ኅዳር 15

ዝናብ ነው አላልኩም። ሹፌሩ «ተዋቸው፣ ዛሬ የእረፍት ቀን ነው» ብሎ አዳነኝ። አባባም «እንዲያማ ከሆነ» ብለው ጋደም አሉ። እንዲህ ቀላል ነበር? ለምን እኔ አልመጣልኝም?

ኅዳር 16

ከሹፌሩ ተምሬ «የእረፍት ቀን ነው» አልኳቸው።

«ትናንት አረፍን አይደል እንዴ?» አሉ።

ያስታውሳሉ። የሚያስታውሱትን ማን ነው የሚመርጥላቸው?

ኅዳር 18

ሲስተር ዛሬ ሥራ በዝቶባታል፤ ሁለት ሠራተኛ ቀርቶባታል። «እባክዎ ከልብስ ማጠቢያው ፎጣ ያምጡልኝ፣ ገላቸውን ላጥባቸው» አለችኝ። ስነሣ አባባ እጅጌዬን ያዙ።

«ወዴት?»

«ፎጣ ላመጣ።»

«ፎጣ ማንም ያመጣል።» ጠጋ አሉኝ። ሲስተር እንዳትሰማ ነው መሰለኝ። «እኔን እንደምታየኝ ይዘውኛል። አንተን ማን ያዘህ? ከዳቦ ቤቱ በላይ ያለው መስመር ሳይታይ ሰንብቷል። ሂድና አይተህ መጥተህ ንገረኝ። ሳታይ አየሁ እንዳትለኝ።»

ረዳት አላሉኝም። ስሜንም አልጠሩም። ማንን እንደ ላኩ አላውቅም። «እሺ» አልኩ።

ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ማሽኑ ይጮኻል። ከተጣጠፈው ላይ አንድ ፎጣ አንሥቼ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግኩ። ገና ሙቀቱ አልወጣለትም። ኮሪደሩ መሐል ቆምኩ። ከክፍሉ የሲስተር ድምፅ ይሰማል፤ «ክንድዎን፣ አባቴ... ሌላኛውን» ትላለች። ውሃ ባልዲ ውስጥ ይንቦጫረቃል። ሁለቱም እየጠበቁኝ ነው። መንገዱ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ዳገት ነው፤ ከዳቦ ቤቱ በላይ ሄጄ አላውቅም። ክዳን ይኑር አይኑር እንኳ አላውቅም።

በሩ ጋ ጥበቃው ብድግ አለ። እጄ ባዶ መሆኑን አየ፣ ከኋላዬ አባባ አለመኖራቸውን አየ። የሚከለክለኝ ነገር አጣ።

«ጋሼ፣ ፎጣው...» አለ።

«ሲስተርን ትጠብቀኝ በላት» አልኩና፣ ፎጣውን ትከሻዬ ላይ እንዳደረግኩ ወጣሁ።