ከአቧራ የተጠበቀው መለኪያ

ክሌይባንክ፣ ዌስት ቨርጂኒያ
ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 9 ቀን 2018

ደረቅ አየር ወዳለበት አገር ለሄደው ልጄ ለዋይሊ፤

እንደምን አለህ? ልጆቹስ? ከአሪዞና የላክኸው ካርድ ደርሶኛል። ቁልቋሉ ያምራል። ከጀርባው ያሰፈርኸው ሦስት መስመር ግን ከአምሳ ሦስት ዓመት ሰው የሚጠበቅ አይደለም። አራተኛ ክፍል ሳስተምርህ ከአንድ ገጽ ያነሰ ተቀብዬህ አላውቅም፤ ዛሬም አልቀበልህም።

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ያስቸግረኛል፣ ዓይኔ ግን አሁንም መርፌ ላይ ክር ያስገባል። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ምግብ አይወርድልኝም። በሽታ አይደለም፤ ቅፍፍ ብሎኝ ነው። ምክንያቱን በተራ እነግርሃለሁ፤ እስከ መጨረሻው ሳታነብ እንዳታስቀምጠው።

ባለፈው ረቡዕ የማዕድን ኩባንያው ጠበቃ የወንድምህን ቃል ሊቀበል ቤት ድረስ መጣ። ዴልበርት አሁን ደረጃ መውረድ አይችልም። ጠበቃው ዊትኮም ይባላል፤ ጫማው የሚያብለጨልጭ፣ እጁ ለስላሳ ሰው ነው። ከመኝታ ቤቱ እስከ ወንበሩ ያለው አሥራ አንድ እርምጃ ነው። ወንድምህ መሐል ላይ ሁለት ጊዜ ቆሞ ዐረፈ። ማንም እንዳይረግጠው የኦክስጅኑን ቱቦ ሚስቱ ሪታ ከኋላ ከኋላው ይዛለት ትሄዳለች።

«ሙሽራዋ ገባች! ተነሡ እንጂ!» አለ ዴልበርት።

ጠበቃው እውነት መስሎት ተነሣ። ከዚያ ወረቀቱን ገልጦ ወደ እኔ ዞረ።

«ወይዘሮ ስታምፐር፣ ልጆቹ ትንሽ ሳሉ ዶሮ ያረቡ ነበር?»

«አረባ ነበር።»

«ስንት?»

«አሥራ አራት። በየስማቸው ልጥራልዎት?»

«አያስፈልግም። የዶሮዎቹን ቤት ማን ነበር የሚጠርገው?»

«ዴልበርት፣ በየቅዳሜው። እሱ ጠርጎ ሲወጣ እኔ ኖራ እቀባው ነበር። እርስዎ ዛሬ ቁርስ የበሉበት ጠረጴዛ ያን ያህል የጸዳ አይመስለኝም።»

ዴልበርት ሳቀ። ሳቁ ወዲያው ሳል ሆነ፣ ሳሉም ቶሎ አላቆመም። በመጨረሻ ሪታ ከወንበሩ ሥር የምታስቀምጥለትን የቡና ቆርቆሮ አንሥቶ ተፋበት። የሚተፋው እንደ ሬንጅ ጥቁር ነው፣ እንደ ሬንጅም ይሳባል። ሪታ ክዳኑን ገጠመችበት። ጠበቃው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔን ያስጠላኝ አክታው አይደለም። አባታችሁ ሲታመም ስንት ዓመት እንዲህ ያለ ቆርቆሮ አጥቤአለሁ። ያስጠላኝ የዚያ ሰው አንገት ነው፣ ያመጣውን ነገር ላለማየት እንዲያ መጠምዘዙ።

ስለ ዶሮዎቹ የጠየቀኝ ለምን እንደሆነ ታውቃለህ? ዴልበርትን በእጁ ነክቶት የማያውቅ የኩባንያው ሐኪም፣ ሩቅ ከተማ ተቀምጦ፣ የራጁን ፊልም ብቻ አይቶ ጽፎላቸዋል። በሳንባው ውስጥ ያሉት የዋልነት ፍሬ የሚያካክሉ ነጫጭ እብጠቶች በዶሮ ኩስ ላይ ከሚበቅል ሻጋታ የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ ይላል። ሻጋታው ካልሆነ የቆየ የሳንባ ነቀርሳ ነው። ነቀርሳው ካልሆነ ሲጋራ ነው። ዴልበርት በሕይወቱ ሲጋራ አጭሶ አያውቅም። ከዶሮ ቤቱ ጀርባ ሞክሮ ያስመለሰው ማን እንደነበር አንተው ታውቀዋለህ።

የዚህ ሁሉ መሠረታቸው አንዲት ወረቀት ናት። ዴልበርት በሠራበት የጉድጓዱ ክፍል የአየሩ አቧራ ዓመቱን ሁሉ ይለካ ነበር፣ ውጤቱም «ንጹሕ» ነው ትላለች። አየሩ ንጹሕ ከነበረ በሽታው ከማዕድን ጉድጓዱ አልመጣም ማለት ነው። ክሱን የያዘው ዳኛ ይህን ከተቀበለ ኩባንያው የሚከፍለው የዴልበርት ሕክምናና ኦክስጅን ይቋረጣል። ያለ ማሽኑ አንድ ቀን እንኳ አይውልም።

ንጹሕ! በሠላሳ አንድ ዓመት የማስተማር ሥራዬ ብዙ ውሸት ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ የከረፋ ግን አልሰማሁም።

ረስተኸው እንደሆነ ትምህርቱን ልድገምልህ። አራተኛ ክፍል ሳለህ በቡናማ ወረቀት ላይ የሳልኸው ሳንባ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ዘጠና ስምንት ሰጥቼሃለሁ፤ ሁለቱን የቀነስሁት የግራውን ከቀኙ እኩል ስላደረግኸው ነው። ልብ ቦታ ስለሚይዝበት የግራው ያንሳል ብዬህ ነበር። ከሳንባ በታች ያለው ጡንቻ ወደ ታች ሲወርድ ደረት ይሰፋል፣ አየሩም በአፍንጫ ይገባል። ሞቆና ረጥቦ በቧንቧው ይወርዳል። ቧንቧው ለሁለት ይከፈላል፣ ቅርንጫፎቹም እየቀጠኑ እንደ ተገለበጠ ዛፍ ይሆናሉ። ጫፋቸው ላይ እንደ ወይን ዘለላ የተንጠለጠሉ የአየር ከረጢቶች አሉ፤ ግድግዳቸው ከሽንኩርት ስስ ልጣጭ የሳሳ ነው። ደም ኦክስጅኑን የሚወስደው፣ የተቃጠለውንም አየር የሚመልሰው በዚያ ስስ ግድግዳ በኩል ነው። ትልልቁን አቧራ ቧንቧው ላይ ያሉ ጥቃቅን ፀጉሮች ከአክታ ጋር ጠርገው ያወጡታል። ደቃቁ ግን ያመልጣቸዋል፤ ከረጢቱ ድረስ ገብቶ ይቀመጣል። ሰውነት ሊያስወጣው ሲያቅተው ዙሪያውን በጠባሳ ያጥረዋል። ጠባሳ አይለጠጥም፣ አየርም አያሳልፍም። አቧራው በጨመረ ቁጥር ጠባሳው ከጠባሳ ጋር ይያያዛል፣ ሳንባውም እንደ አሮጌ ጫማ ቆዳ ይደርቃል።

የአለት ብናኝ ደግሞ ከከሰሉም ይብሳል። ዴልበርት ሃያ አራት ዓመት የጉድጓዱን ጣሪያ አለት በመሰርሰሪያ ሲበሳ የኖረ ሰው ነው። አባታችሁ በዚሁ በሽታ ሲሞት ሰባ አንድ ዓመቱ ነበር። ወንድምህ አርባ ዘጠኝ ነው።

እዚህ ድረስ ያነበብኸውን ሁሉ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። የዚያ ክፍል አለቃ አንተ ነበርህ።

ጠበቃው ከሄደ በኋላ ሪታ የዴልበርትን አሮጌ የምሳ ሣጥን ከጓዳ አወጣች። የሥራ ወረቀቶቹን ልትፈልግ ነበር። ከታች አንዲት ትንሽ የጨርቅ ከረጢት አገኘች፤ አፏ በገመድ የሚታሰር፣ ውጪዋ ከሰል የመሰለ።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» አለችኝ።

ከእጇ ተቀበልኋትና ገለበጥኋት። ውስጧ እንደ አዲስ ንጹሕ ነው። ሰማያዊ መስመር ያለው ፍላኔል፤ የአባታችሁ ፒጃማ፣ በመጨረሻው ክረምት ለብሶት የተኛው። ስፌቱን ከሺህ ስፌት መሐል ዐውቀዋለሁ።

እስከዚያች ደቂቃ የተጸየፍሁት ሌላውን ሰው ነበር፤ አሁን ራሴን።

ቀኑን አስታውሰዋለሁ። አባታችሁን በቀበርን በስድስተኛው ወር፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አንዲት ማሽን ይዘህ መጥተህ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥህ። «እማ፣ ለዚህች ልክ የምትሆን ከረጢት ስፊልኝ» አልኸኝ። የአቧራ መለኪያ ናት፣ ሰዎቹ ቀበቷቸው ላይ አንጠልጥለዋት ይውላሉ፣ አየሩን እየሳበች አቧራውን ማጣሪያ ላይ ታስቀራለች፣ ማጣሪያውም ወደ መንግሥት ይላካል አልኸኝ። እንዳትቆሽሽ ነው ብለኸኝ ሰፋሁልህ። ይህን ለራሴ አሥራ አምስት ዓመት ስነግረው ኖሬአለሁ።

አሁን ግን በትክክል ልጻፈው። ጠይቄህ ነበር። «አቧራ የሚለካ ዕቃ ከአቧራ የሚጠበቀው ለምንድን ነው?» ብዬህ ነበር። አንተም ጫማህን ጫማህን እያየህ፣ «እማ፣ ማጣሪያው ከጠቆረ ክፍሉን ይዘጉታል። እኔም ዴልበርትም ቤት ልንቀመጥ ነው። ይሄን ትፈልጊያለሽ?» አልኸኝ።

ክሩን መርፌው ላይ አስገባሁ። ስምንት ሰፋሁ። አቧራ እንዳያስገቡም ጠርዛቸውን ሁለት ሁለት ጊዜ አጠፍሁት።

አሁን ምግብ ለምን እንደማይወርድልኝ ገብቶሃል።

ከረጢቷን ለዴልበርት አሳየሁት። እጁ ላይ አገላብጦ አያት፤ ትንፋሽ እያጠራቀመ ይሁን እያሰበ መለየት አይቻልም።

«እማ፣ ምድጃ ውስጥ ክተቻት» አለኝ።

«ለምን?»

«ዋይሊን… ያንገላቱታል። አንቺንም በስተርጅና… ያዋርዱሻል።» ዐረፈ። «የዶሮዎቹ ጥፋት ነው ብንልስ? ሞተዋል… አይከፋቸውም።»

ሪታ ሳትወድ ሳቀች፣ ከዚያ ወጥታ ደጅ ቆመች። እኔ አልሳቅሁም። ወንድምህ ለጠበቃው ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲመልስ ስለ ከረጢቶቹ ያልተናገረው ለካ ለዚህ ነው። ሊሞት እየተዘጋጀ የሚሸፍነው አንተንና እኔን ነው። ይህ ከጠበቃውም፣ ከሐኪሙም፣ ከቆርቆሮውም በላይ ዘገነነኝ።

ከረጢቷን ምድጃ ውስጥ አልከተትኋትም። ከሳልኸው ሳንባ ጋር ቆልፌባታለሁ።

ችሎቱ ሐሙስ ኦክቶበር 25፣ ከጧቱ በሦስት ሰዓት ነው። በፍርድ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ፤ አሳንሰሩ ይሠራል፣ ጠይቄአለሁ። ከረጢቷን ዳኛው ፊት አኑሬ እገለብጣታለሁ። ማን እንደሰፋት እናገራለሁ። ማን እንዳሰፋት ቢጠይቁኝ በሰማንያ አንድ ዓመቴ ምዬ መዋሸት አልጀምርም። ግን እንዳይጠይቁኝ እፈልጋለሁ፤ ከእኔ በፊት አንተ ተነሥተህ ተናግረህ ከሆነ አይጠይቁኝም። ቃልህን በስልክ መስጠት ይቻላል ይላሉ። እኔ አልወደውም። እንዲህ ያለ ነገር ቆሞ ነው የሚነገረው።

አልጋህ ተነጥፏል። ባቄላና የበቆሎ ዳቦ አዘጋጅልሃለሁ፤ አንተ ስትቀመጥ እኔም እበላለሁ።

እግዚአብሔር ትንፋሽህን አያሳጥርብህ፤ እውነቱን የምትናገርበትን ያህል ደግሞ ያርዝምልህ።

እናትህ
ኦርፋ ስታምፐር

ይህን ደብዳቤ መጻፌን ዴልበርት አያውቅም። ትናንት ቁርስ ላይ ግን ከመሬት ተነሥቶ፣ ልጆች ሳላችሁ ወንዙ ውስጥ ጠልቆ ብዙ የሚቆየው ማን እንደነበር ጠየቀኝ። «አንተ ነበርህ፤ እስከ ዘጠና ሁለት ቆይተሃል፤ ከዳር ሆኖ የሚቆጥርልህም ዋይሊ ነበር» አልሁት። ራሱን ነቀነቀ። «ዋይሊ ሲቆጥር… አጭበርብሮብኝ አያውቅም» አለኝ።