በመጽሐፍ ሞተው በሕይወት የኖሩት የአራሚው የአቶ ታክ ሱንጌ የሕይወት ታሪክ

አቶ ታክ ሱንጌ ከአባታቸው ከአቶ ታክ ቺሶክና ከእናታቸው ከወይዘሮ ምዮንግ ሱንሬ በኖንሳን እ.ኤ.አ. በ1931 ተወለዱ። በልጅነታቸው ከአያታቸው የቻይናን ፊደል፣ ከቤተ ክርስቲያን መዝሙረ ዳዊትን ተማሩ። የአገራችን ሰሜንና ደቡብ ከተዋጉበት ጦርነት በኋላ ወደ ዴጆን ከተማ መጥተው፣ የየጎሳው የትውልድ መጽሐፍ በሚታተምበት ማተሚያ ቤት በአራሚነት ተቀጠሩ።

ቀጥሎ ያለውን እንዳናነብ የመከሩን ዘመዶች አሉ፤ በቀብር ላይ ሳቅ እንዳይሰማ ሠግተው ነው። እርሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ያልደበቁትን እኛም አንደብቅም።

እ.ኤ.አ. በ1962 የገዛ ጎሳቸው መጽሐፍ በዚያው ማተሚያ ቤት ታተመ። ስንት ዓመት የተጠበቀው መጽሐፍ ለየቤቱ ታድሎ ሲገለጥ፣ የሟች አጎታቸው የሞት ዓመት በእርሳቸው ስም ሥር ገብቶ ተገኘ። የእርሳስ ፊደሉን አንድ በአንድ ለቅመው ለኅትመት የደረደሩት፣ በዚያች ሥራ እናታቸውን የሚጦሩት ወጣቷ ቦንግ ኦክቡን ነበሩ። አቶ ሱንጌ በአክብሮት አጎቴ የሚሏቸው የጎሳው አለቃ አቶ ታክ ዩንሺክ መጽሐፉን ታቅፈው መጥተው በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ «ሰው በቁሙ ቀብራ ደመወዝ ትበላለች? ስህተቱን የሚገልጽ የማረሚያ ወረቀት ይታተምና ስሟ ይውጣበት፤ እሷም ከዚህ ትውጣ!» አሉ።

አቶ ሱንጌ ብድግ አሉ። «አጎቴ፣ መጨረሻ ያነበብኩት እኔ ነኝ። የገዛ ሞቴን አንብቤ ‹ይታተም› ብዬ ፈርሜያለሁ። የሚባረር ካለ ሬሳውን አባሩት!»

«ታዲያ ማረሚያ የሌለው መጽሐፍ ይዘን ልንቀር ነው?»

«ማረሚያውማ ይኸው ቆሟል። የተጠራጠረ መጥቶ ይየኝ።»

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ሁለቱን ከማጣት የጎሳውን ኩርፊያ መረጡ። እ.ኤ.አ. በ1964 አቶ ሱንጌ ወይዘሮ ኦክቡንን አገቡ። በሠርጉ ዕለት አለቃው፣ «ገዳይህን አገባህ?» ቢሏቸው፣ ሙሽራዪቱ ቀድመው፣ «ገድዬው አልሞት ያለኝን ምን ላድርገው?» ሲሉ፣ አለቃውም ሳይወዱ በግድ ሣቁ።

በትዳራቸው ወይዘሮ ታክ ምዮንጁንና አቶ ታክ ግዩሆንን አፍርተዋል። በቤተ ክርስቲያናችንም በሽማግሌነት አገልግለዋል። በየዓመቱ በልደታቸው ቀን በልደት የሚበላው የባሕር ውስጥ ቅጠል ሾርባ እየቀረበላቸው ያንን ገጽ ገልጠው፣ «ዘንድሮም ዋሸ!» ይሉ ነበር። በኋላ የወጣው የጎሳው መጽሐፍ በሕይወት መኖራቸውን ቢመሰክርም፣ በአሮጌው ገጽ ላይ ማረሚያ እንዲለጠፍ አንድም ቀን አልፈቀዱም።

አቶ ሱንጌ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2017 በ86 ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ በፊታችሁ ቆመዋል።

የሙታን ሳይሆን የሕያዋን አምላክ የሆነ ጌታ፣ ስማቸውን አራሚ በማያሻው በሕይወት መጽሐፍ ጽፎ ያኑርልን፤ ለነፍሳቸውም ዕረፍትን ይስጥልን።

ከዚህ በታች ያለውን ወይዘሮ ኦክቡን በቤታቸው ባቆዩት የእርሳስ ፊደል በእጃቸው ለቅመውታል። ያን ጊዜ እንዲወጣ የተጠየቀው ስም፣ እነሆ፣ በስሙ ባለቤት በራሳቸው ፈቃድ ወጥቷል።

ማረሚያ፦ በጎሳችን መጽሐፍ ከታክ ሱንጌ ስም ሥር «በ1961 ሞተ» የሚለው «በ2017 አረፈ» ተብሎ ይነበብ። ፊደል ለቃሚዋ፣ ቦንግ ኦክቡን።