ሆን ብዬ የዘለልኩት ኮሌጅ

ለታናሽ እህቴ ለሚጣዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ፣ ያ ብርድ በመጣ ቁጥር የሚነሳብሽ ሳልስ ተወሽ ወይ? እማዬ እንዴት ሆነችልሽ? እግሯን ታሽላታለሽ ወይስ ሥራው ፋታ ነሳሽ? ባልሽና ልጆችሽስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምልሽ አካሌን ነው እንጂ ሆድ ከባሰኝስ ሰንብቷል። በስልክ ብነግርሽ ትስቂያለሽ፣ ስትስቂ ደግሞ እዘጋብሻለሁ። ስለዚህ ብዕር አነሳሁ።

እንደምታውቂው የሁለታችንም ሥራ አንድ ነው፤ ለየኮሌጃችን እርዳታ ማሰባሰብ። ልዩነቱ አንቺ ዳይሬክተር ተብለሽ መስታወት በመስታወት የሆነ ቢሮ ተሰጥቶሻል፣ እኔ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጀርባ ተቀምጬ ወረቀት የሚጨምር ሰው በመጣ ቁጥር ወንበሬን ጠጋ አደርጋለሁ። ኮሌጅሽ ያወጣው መጽሔት ላይ ፎቶሽን ያየሁ ቀን እርር ድብን ነው ያልኩት። ሰዎች እህትሽ ናት ወይ ሲሉኝ አዎ አልኩ፣ እንኳን ደስ ያለሽ ሲሉኝም ጥርሴን አሳየሁ። ቅናት ነው ሚጣዬ፤ ሌላ ስም ላወጣለት ብሞክር አልሆነልኝም።

ዘንድሮ ዲናችን የክፍላችንን የአምስት ዓመት ስትራቴጂክ ዕቅድ አዘጋጂ ብሎ አዘዘኝ። ዕቅዱ ከመጻፉ በፊት ራሳችንን ከእኛ ቢጤ ኮሌጆች ጋር ማወዳደር ነበረብኝ፤ ከቀድሞ ተማሪዎቻቸው ምን ያህሉ ይሰጧቸዋል፣ አንዴ የሰጠ ሰው ተመልሶ ይሰጣል ወይ፣ ሰዎቹን በምን ያገኟቸዋል፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። የሚወዳደሩትን የምመርጠው እኔው ነበርኩ። በዕድሜም በተማሪ ብዛትም የእኛ መንታ የሚባለው የአንቺው ኮሌጅ ነው። አሳምሬ አውቃለሁ። አውቄ ዘለልኩት።

በምትኩ የመረጥኳቸውን ብትሰሚ ጉድ ትያለሽ። አንዱ እርዳታ የሚያሰባስብለት ሰው ጭራሽ የለውም፤ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ነው የሚሞክረው፣ ያውም ሲመቸው። ሌላው ጣሪያው እያፈሰሰ የዓመቱን እኩሌታ ተዘግቶ የከረመ ነው። ሦስተኛው የለጋሾቹ አድራሻ ከኮምፒውተሩ ጋር የጠፋበት። ከእነዚህ ጋር ተወዳድረን አንደኛ ወጣን፣ ላንወጣ ኖሯል? ሠንጠረዡን በቀለም ሳሳምረው ጊዜ እኔ ራሴ ላምነው ምንም አልቀረኝ። ዕቅዱ ከጸደቀ የክፍሉ ኃላፊ እንደምሆን ዲኑ በአፉ ነግሮኝ ነበር።

ዕቅዱን ያቀረብኩለት የኮሌጃችን ቦርድ ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ ሐኪም ናቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና መነጽራቸውን አውልቀው፣ ልጄ፣ ይህን ሁሉ ሕመምተኛ ከየት ሰበሰብሽው፣ አንድ እንኳ ጤነኛ አላገኘሽም ወይ አሉኝ። ቀጥለውም እህትሽ ያለችበት ኮሌጅ እኮ እኛን ያህላል፣ ምነው ተረሳ አሉ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ረሳሁት ብል ማን ያምነኛል? እህቴ ስላለችበት ያዳላሁ እንዳይመስል ብዬ ነው አልኳቸው። ፈገግ አሉ፣ ፈገግታቸው ከስድብ ባሰብኝ።

ዕቅዱ ተመለሰ። ወደ አንቺ መጥቼ አንድ ወር ቢሮሽ ተቀምጬ፣ አሠራራችሁን በዓይኔ አይቼ እንደ አዲስ እንድጽፈው ወሰኑ። እምቢ ካልኩ ኃላፊነቱ ከውጭ ለሚመጣ ሰው ይሰጣል። እስኪ አስቢው፣ ልብስሽን ያለበስኩሽ፣ አፍንጫሽን የጠረግኩልሽ እኔ፣ አንቺ ዘንድ ተማሪ። ለመልቀቅ ሁሉ አስቤ ነበር። ከዚያ የእናንተን ሪፖርት ቁጭ ብዬ አነበብኩት። እናንተ ጋ አንዴ የሰጠ ሰው ይመለሳል፣ እኛ ጋ አንዴ ይሰጥና ይጠፋል። ምንም ሳትጠይቁ ለምስጋና ብቻ ትደውላላችሁ ለካ። እኔ ሰው ጋ ደውዬ የማውቀው ስጡኝ ለማለት ነው። አንብቤ ተማርኩ እንዳልልሽ፤ ባሰብኝና ቀናሁ።

እንግዲህ እመጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ቤትሽ እንዳሻሽ ቀልጂብኝ፣ ሶፋ ላይ ብታስተኚኝም አልከፋ። የመጀመሪያው ቀን ቢሮሽ ስገባ ግን፣ በሠራተኞችሽ ፊት፣ ከወንበርሽ ብድግ በይና እትዬ በይኝ። አንዴ ይበቃኛል። ከዚያ ወዲያ የምትይኝን ሁሉ አቀርቅሬ እጽፋለሁ።

ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ያን ማንንም የማያስቅ ቀልዱን ያዘጋጅልኝ። ትልቋን ልጅሽን ክፍሏን ልጋራት እንደምመጣ ንገሪያት፣ ትንሹን ጉንጩን ንከሺልኝ። እማዬን እግሯን ሳሚልኝ። ለምን እንደምመጣ ግን አደራሽን እንዳትነግሪያት። ልጅነታችንን ሙሉ እህትሽን እያት፣ እህትሽን እያት ስትለኝ ኖራ፣ ዛሬ ቦርድ ተሰብስቦ እንደፈረደላት ከሰማች መግቢያ መውጫ ታሳጣኛለች። ናፍቃን ነው የመጣችው በያት። እሱም ቢሆን እውነት ነው።

እህትሽ

ከኮሌጃችን ምድር ቤት፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ጥር 12 ቀን