ደሴ የሚጨምርልኝ ጠብታ

ሐሙስ

የዓይኔ ፋሻ ተነሣ። ዛሬ ጠዋት እዚያው ደባርቅ ሆስፒታል ነርሷ ላጥ አደረገችውና «ስንት ነው?» ብላ ጣቷን ቀሰረችልኝ። ጣት መሆኑን አወቅሁ፣ ስንት እንደሆነ ግን እንጃ። ሁሉም ጉም ነው። «የዓይን ሞራው ወጥቷል፤ እብጠቱ ሲቀንስ ይጠራል» አለች። ካልጠራስ? ፈርቼ አልጠየቅኋትም።

ከባሌ ጋር በሚኒባስ ዳባት ቤታችን ገባን። የተከለከልሁት፦ ማጎንበስ፣ ዕቃ ማንሣት፣ ዓይን ማሸት። ዕድሜዬን ሙሉ በመምህርነት ተማሪ ስከለክል ኖሬ ዛሬ ተራዬ ደረሰ። ይቺንም የምጽፈው ጣት በሚያህል ፊደል ነው።

ዓርብ

ጠብታውን የሚጨምርልኝ ባሌ ደሴ ነው። ግማሹ ጉንጬ ላይ፣ ግማሹ አፍንጫዬ ላይ። «አንቺ ሴት፣ አትንቀሳቀሽ!» ይለኛል። እኔ እኮ እንደ ግንድ ተጋድሜያለሁ። ሰሜን ተራሮች፣ ጨነቅ በሚባለው ቦታ የፓርኩ ጠባቂ ሳለ ከማዶ ገደል ዋልያን ከነግልገሏ ይለይ የነበረ ሰው፣ አፍንጫው ሥር ያለ ዓይን ሳተ! ሳቅሁበት።

«እጄ አርጅቷል» አለና እንደገና ጨመረልኝ። ሽፋሽፍቴን ሲይዝ እንዴት ቀስ እንደሚል! ወደድሁት። አልነገርሁትም።

እሑድ

ጉድ ሠራሁ። ቤተ ክርስቲያን ልሳለም አልሁ። ደሴም «ከጎንሽ ነኝ፤ ልታጎነብሺ ስትይ እይዝሻለሁ» አለ። ደጁ ጋ ስንደርስ ግን ጉልበቴ ማንን ይጠይቃል? የልጅነት ልማድ ነው፣ ዝቅ ብዬ ደፉን ሳምሁ። ቀና ስል ዓይኔ ጠዘጠዘኝ። ደሴ አጠገቤ ቆሞ ያማትባል፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

«ዓይንህ የት ነበር?» ብዬ በሰው ፊት ጮኽሁበት። ክንዴን ይዞ እስከ ቤት አመጣኝ። አሁን ዓይኔ ቀልቷል። አልቅሻለሁ፤ ማልቀሱም ሳይከለከል አይቀርም።

ሰኞ

ደባርቅ ተመለስን። ሐኪሙ በመብራት አይቶ «ቁስሉ ደኅና ነው። ከእንግዲህ ግን ቆመው ይሳለሙ፣ እማማ» አለኝ። እማማ መባሌ ቢከነክነኝም እፎይ አልሁ። ደሴ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ደኅና ነው ስለው ፊቱን በጋቢው ጠረገ።

ጉሙ ግን አሁንም አለ።

ረቡዕ

ጠራ! ተመስገን፣ ጠራ! ግድግዳችን ለካ አረንጓዴ ነው። እጄም ለካ እንዲህ ተሸብሽቧል። የግቢውን ባሕር ዛፍ ቅጠል በቅጠል አየሁት።

ደሴ ጠብታውን ይዞ መጣ። አይቼ ልጠግበው ብዬ መጥራቱን አልነገርሁትም። ሽበቱን፣ አገጩ ላይ ያለችውን ጠባሳ አየሁ። ምን ያህል ከስቷል! ጎንበስ ሲልብኝ ዓይኖቹን አየኋቸው። ብሌናቸው ነጥቷል። ሁለቱም፣ የግራው ይብሳል። እኔ ላይ የነበረው ሞራ ነው።

ጠብታው ጉንጬ ላይ አረፈ።

«ደሴ፣ እታይሃለሁ?»

«ድምፅሽ አለ አይደል» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

የጠብታውን ክዳን እየገጠመ «አንቺ ያለ ማንበብ አይሆንልሽም። እኔ መንገዱን በእግሬ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ አንቺ ዳኚ ብዬ ነው» አለኝ።

የእሑዱ ጩኸቴ ትዝ አለኝ። ዓይንህ የት ነበር፣ አልሁት። ምነው አፌን በቆረጠው! አንገቱን አቅፌ ይቅር በለኝ አልሁት።

ደባርቅ እንሂድ ስለው «እህሉ ይወቃና» ይላል። እሺም አላለ፣ እምቢም አላለ። ማታ ግን ጠብታውን ከእጁ ተቀብዬ ዓይኔ ውስጥ ራሴ ጨመርሁት። የሱ ተራ ሲደርስ እጄ እንዳይስት ከአሁኑ ልለማመድ።