አቶ ይርጉን የገደልኩበት ማመልከቻ

ዲላ፣ የካቲት 16 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ጓንጉል
የማስታወቂያ ሰሌዳው ወደ ዋናው መንገድ የዞረው መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ማመልከቻ ስላነበቡ ምስጋና ስለማቅረብና ጥፋተኛውን ስለማሳወቅ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ፣ ወገብዎ ከወንበሩ፣ መነጽርዎም ከዓይንዎ ጋር ተስማምተው እንዲውሉ ከልብ እመኛለሁ። የመነጽሩን ነገር ያለ ምክንያት አላነሣሁትም፤ ከዚህ በታች እንደማስረዳው፣ የዚህ ሁሉ ነገር መነሻ እርስዎ ማንበብዎ ነው።

ስሜ ሠረቀብርሃን አለባቸው ይባላል። በዚህች ከተማ ሃያ ሰባት ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ። በየዓመቱ «የሥራ ማመልከቻ አጻጻፍ» የሚለው ትምህርት ላይ ስንደርስ ሰሌዳው ላይ ሦስት ነገር ብቻ እጽፍ ነበር፦ ማን እንደሆንክ፣ ምን እንደምትችል፣ ምን እንደምትፈልግ። ከዚያ ያለፈውን ሁሉ ቀለም ማባከን ነው እያልኩ በቀይ እስክሪብቶ እሰርዝ ነበር። ዛሬ የምጽፍልዎ ግን ያንን ያስተማረው ሰው ሆኜ አይደለም፤ ያንን ያፈረሰው ሰው ሆኜ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ሱቅ ያላቸው ጎረቤቴ አቶ ይርጉ አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ኤልቤቴል ትባላለች። መሥሪያ ቤትዎ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እንደሚፈልግ ባስነገረ ጊዜ፣ ማንንም ሳታማክር በገዛ እጇ ይህን ጻፈች፦

«የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እንደምትፈልጉ ሰሌዳችሁ ላይ አይቻለሁ። በጽሕፈት ሥራ ዲፕሎማ አለኝ። ሬኮ ቡና ማጠቢያ ውስጥ ሁለት የቡና ወቅት የገበሬዎችን ስም በፊደል ተራ እያስተካከልኩ ሠርቻለሁ፤ ስሜ ጠፋብኝ ብሎ የተመለሰ ገበሬ አልነበረም። ጌዴኦኛ፣ አማርኛና ኦሮምኛ እናገራለሁ። ፈትኑኝ።»

ይህን ይዛ ወደ እናንተ ስትመጣ፣ መስኮቱ ላይ የሚቀመጡት ወይዘሮ ውዳሴ በግማሽ ዓይን አይተው፣ «ይሄ ማመልከቻ ነው ወይስ ማስታወቂያ? ክቡር የለ፣ ትህትና የለ። ሂጂና ትንሽ አልቅሺበት እንጂ፣ የኔ ቆንጆ» ብለው መለሱላት።

ልጅቷ ወደ እኔ የመጣችው እንዳለቅስላት አልነበረም። «ቲቸር፣ ይሄ ምን ጎደለው?» ነው ያለችኝ። ምንም እንዳልጎደለው እንድነግራት ነበር የመጣችው። እኔ ግን ቀይ እስክሪብቶዬን አነሣሁ።

አስቀድሜ «ፈትኑኝ» የሚለውን ሰረዝኩ፤ ለበላይ አካል በትእዛዝ አንቀጽ አይጻፍም አልኳት። በምትኩም «ለመፈተን እበቃ ዘንድ፣ መልካም ፈቃድዎም ይሆንልኝ ዘንድ፣ ከእግርዎ ሥር ወድቄ እለምናለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ተማሪ ቢያደርገው ማርክ እቀንስበት ነበር። ቀጥሎ የችግር አንቀጽ አስፈለገ። እናቷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ልጅቷ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች አርፋለች፤ ኤልቤቴል ይህን ያልጻፈችው ከመዝገብ ቤት ሥራ ጋር የሚያገናኘው ነገር ስላልታያት ነው። እኔ ጨመርኩት። ነገር ግን «እናቴን በሞት የተነጠቅሁ» የሚለው ሐረግ ብቻውን ሲነበብ አንድ እግሩ እንዳጠረ ወንበር ተንገዳገደብኝ፤ ስለዚህ «እናቴንም አባቴንም በሞት የተነጠቅሁ» ብዬ ሞላሁት። አቶ ይርጉ የሞቱት እንግዲህ በዚህ ነው፤ የእኔ ዓረፍተ ነገር እንዳይንገዳገድ።

«ቲቸር፣ አባዬ እኮ አለ» አለችኝ።

«አውቃለሁ። ይህ የአጻጻፍ ወግ ነው። ደግሞ ማን ያነበዋል?» አልኳት።

አስተማሪዋ ነበርኩና አመነችኝ። በእጅ ጽሑፏ ገልብጣ አስገባችው፤ ወይዘሮ ውዳሴም «አሁን ማመልከቻ ሆነ» ብለው ማኅተም አሳረፉበት። በቃለ መጠይቁ ዕለት እርስዎ መነጽርዎን አጥልቀው ከዳር እስከ ዳር አነበቡትና በሐዘን ድምፅ፣ «እግዚአብሔር ያጥናሽ። አባትሽ መቼ አረፉ?» ብለው ጠየቋት። እሷም ድንግጥ ብላ፣ «አባቴ? ሱቅ ነው ያለው» አለች። ከፈታኝ ኮሚቴው አንዱ፣ «ሞቶም ይነግዳል?» ሲል ሁላችሁም ሳቃችሁ፤ ከዚያው ኮሚቴ የወጣው ወሬም በማግስቱ ገደብ ከተማ ድረስ ወርዷል።

ስለዚህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን እንደሚከተለው በቁጥር ለማቅረብ እገደዳለሁ።

1ኛ. ማመልከቻ ስላነበቡ አመሰግናለሁ። ይህን ስል እያሾፍኩ እንዳይመስልዎ። ባለፈው ዓመት መናኸሪያው በር ላይ የገዛሁት ቆሎ የተጠቀለለው ለእናንተው መሥሪያ ቤት በተጻፈ የአንድ ወጣት ማመልከቻ ነበር፤ ቆሎውን ጨርሼ ማመልከቻውን ሳነበው፣ ከእኔ በፊት ማንም እንዳልከፈተው ከእጥፋቱ ያስታውቅ ነበር። ለኤልቤቴል «ማን ያነበዋል» ያልኳት ይህን ማስረጃ ይዤ ነው። ማንበብ የምትጀምሩበትን ቀን አስቀድማችሁ ብትለጥፉልን ኖሮ፣ እኛም እውነት መጻፍ የምንጀምርበትን ቀን ባወቅን ነበር።

2ኛ. ከቃለ መጠይቁ በኋላ የልጅቷን ሙሉ ስም ከነአባቷና ከነአያቷ «የተሰረዙ አመላካቾች» በሚል ርእስ ሥር ስለለጠፉላት፣ መንገደኛው ሁሉ እንዲያነበውም መስታወቱን ስላስወለወሉት ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ይሁንና ክቡርነትዎ፣ ማመልከቻ የሚያስገባ ሰው አመልካች ይባላል። አመላካች ማለት ሌላ ነገር የሚጠቁም ምልክት ነው። ይህን ስሕተት እንዳየሁ፣ ማፈር ይገባኝ በነበረ ሰዓት፣ ደስ አለኝ፤ የምሰርዘው ፊደል አገኘሁ ብዬ እስክሪብቶ ፍለጋ ኪሴን ዳበስኩ። ደስታው ግን ከመንገዱ ማዶ አላለፈም። ልጅቷ በእርግጥ አመላካች ብትሆን ኖሮ የምትጠቁመው እኔን ነበርና። «ይህን ማን ጻፈልሽ?» ተብላ ሦስት ጊዜ መጠየቋን ሰምቻለሁ። ሦስቱንም ጊዜ «እኔ ነኝ የጻፍኩት» ብላ ወጥታለች። ሃያ ሰባት ዓመት ያስተማርኩ ሰው፣ በሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ጀርባ ተሸሽጌ ዘጠኝ ቀን ዝም አልኩ።

3ኛ. «ሐሰተኛ ማስረጃ በማቅረቧ ለሁለት ዓመት እንዳትወዳደር ታግዳለች» ብለዋል። ያቀረበችው ማስረጃ ዲፕሎማዋ ነው፤ እሱም እውነተኛ ነው። ሐሰተኛው የእኔ ሐረግ ነው። «ትንሽ አልቅሺበት» የሚለው የወይዘሮ ውዳሴ መመሪያ በየትኛው የአስተዳደር ደንብ ቁጥር ስንት ላይ እንደሚገኝ ቢጠቁሙኝ ግን፣ ለሚመጣው ዓመት ተማሪዎቼ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ላሰፍረው ዝግጁ ነኝ።

አራተኛው ቅሬታ የራሴ በራሴ ላይ ስለሆነ ቁጥር ሰጥቼ ከእናንተ ጋር አልቀላቅለውም።

ማስታወቂያው ከተለጠፈ በኋላ በአቶ ይርጉ ሱቅ ፊት ማለፍ አቅቶኝ ነበር። ክብሪት ለመግዛት እንኳ በላይኛው ሰፈር ዞሬ እሄድ ነበር። ይህ በእንዲህ እንዳለ፣ ወሬው ፍስሐ ገነት ከተማ ሲደርስ «ይርጉ ሞቷል» የሚለው ቁራጭ ብቻ ደርሶ ኖሮ፣ የአጎታቸው ልጅ ወይዘሮ ካሳነሽ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፍረው መጡ። ከመንገዱ ጀምረው እያለቀሱ ሱቁ በር ላይ ሲደርሱ ሟቹ ስኳር እየመዘኑ ነው። «ይርጉ! አንተ ነህ?» ቢሉ፣ አቶ ይርጉ ቀና ሳይሉ፣ «እኔ ነኝ፤ ስኳር ነው ሳሙና?» አሉ ይባላል። ከተማው በዚህ ሲስቅ ሰነበተ። እኔም የሰማሁት ዕለት ፈገግ ብያለሁ፤ ይህንንም ከጥፋቴ ጋር ይመዝግቡልኝ።

ትናንት ግን እግሬን ጎትቼ ሄድኩ። ሁሉን ተናዘዝኩላቸው። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን፣ «መምህር፣ በምን ገደልከኝ? በበሽታ ነው በመኪና?» አሉኝ።

«አልጻፍኩትም» አልኩ።

«ይኸውልህ! የነቁብህ ለዚህ ነው።»

ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ከዚያ የሚዛኑን ሳህን በጨርቅ እየወለወሉ፣ ድምፃቸውን ወደ ጓዳ እንዳይሰማ ዝቅ አድርገው፣ «እኔስ ይኸው ተነሥቻለሁ። እሷን ማን ያስነሣልኛል?» አሉ።

ልጅቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤት አልወጣችም፤ ቅሬታ ለማቅረብም እምቢ ብላለች። አባቷን ካደች የተባለች፣ በሰሌዳም የተጻፈች ልጅ ወደዚያው መስኮት ተመልሳ በምን ዓይኗ ወይዘሮ ውዳሴን ታያቸዋለች? የአባቷን ዓይን ማየትስ አልቻለችም፤ ምሳቸውን በጓዳው በር ላይ አስቀምጣ ትመለሳለች ብለውኛል። እኔ ለዜማ ብዬ የጻፍኳት አንዲት ቃል፣ ሞት ያልለያያቸውን አባትና ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር ለያየቻቸው።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ የሚያበቃው አርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ነው። ልጅቷ ስለማትመጣ እኔ መጥቻለሁ። የመጀመሪያ ደብዳቤዋን፣ በቀይ ያበላሸሁበትን ጭምር፣ በእጄ ከጻፍኩት ረቂቅ ጋር አያይዣለሁ፤ የእጅ ጽሑፌን የሚጠራጠር ካለ፣ ከኮሚቴዎ ውስጥ ሁለቱ ተማሪዎቼ ስለነበሩ ይመሰክራሉ። ስሟ ከሰሌዳው ይውረድ። በምትኩ የእኔ ስም ይለጠፍ፤ መስታወቱም እንደገና ይወልወል። የሁለት ዓመቱን እገዳ ለእኔ ያዛውሩልኝ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ለማንም ማመልከቻ ላልጽፍ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። እሷን ደግሞ የመጀመሪያውን ደብዳቤ መሠረት አድርገው ይፈትኗት። ብትወድቅ በፊደል ተራ ትውደቅ እንጂ በእኔ ምክንያት አትውደቅ።

ቢሮዎ ገብቼ እጅ ለመንሣት ፊት ያጣሁ በመሆኔ፣ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ባርኔጣዬን በማንሣት ያለኝን የማይናወጥ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ለሚያነቡት ለእያንዳንዱ መስመር አስቀድሜ ባለዕዳዎ የሆንኩ፣

ሠረቀብርሃን አለባቸው
የአማርኛ መምህር

ግልባጭ፦
ለአቶ ይርጉ ሱቅ
ለወይዘሮ ውዳሴ መስኮት
ለማስታወቂያ ሰሌዳው፣ ከመስታወቱ ውጭ

የተረሳ፦ እናትዎን እማማ ጸሐይን ቅዳሜ ገበያ አግኝቻቸው ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጤና ናቸው፤ በጎመን ዋጋ ሲከራከሩ ድምፃቸው እስከ መናኸሪያው ይሰማል። በ1984 ዓ.ም. እርስዎ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤትዎን ይዘው የሥራ ማመልከቻ እንድጽፍልዎ ቤቴ በመጡ ጊዜ ግን፣ የአባትዎ ሞት ብቻውን አልበቃኝ ብሎ እሳቸውንም በዚያችው ዓረፍተ ነገር ቀብሬያቸዋለሁ። ያኔ በወንበርዎ ላይ የነበሩት ኃላፊ ማመልከቻዎን ሳያነቡ ፈርመውበታል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው።