ስለ ማሳዬ አብረን የሣቅነው ሣቅ

ታኅሣሥ ፳፪ ቀን

ለተከበሩ የጋራዡ ሥራ አስኪያጅ
ደብረ ብርሃን፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለ ተቀየረው የመኪናዬ ኮምፒውተር ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ማሽንዎ፣ የእንግዳ ወንበርዎ፣ ባንኮኒው ላይ የምትተኛው ድመትዎ ሁሉ እንደምን አሉ? እኔ ከነቤተሰቤ፣ ከነበጎቼና ከነማሳዬ ደኅና ነኝ። ማሳዬን ለይቼ ያነሣሁት በከንቱ አይደለም፤ እመለስበታለሁ። ለጤናዎም ዘወትር እጸልያለሁ። በተለይ አንድ ቀን ቢያምዎት፣ የሚያክምዎት ሐኪም ጫማዎ ጠብቦዎት እንደሆነ ሳይጠይቅ ጭንቅላትዎን እንዳይቀይርልዎት አጥብቄ እለምናለሁ።

ምናልባት ቢረሱኝ፣ እኔ አበረ ወልደ አማኑኤል ነኝ። ከጓሳ ጥግ፣ ከመሐል ሜዳ በእግር የሦስት ሰዓት መንገድ ርቄ ገብስ የማርስ፣ በግ የማረባ፣ ከዚያም በላይ የአንዲት ነጭ ደብል ጋቢና መኪና ባለቤት የሆንሁ የሃምሳ አራት ዓመት ሰው ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት አምና ሲሆን፣ በማታው ትምህርት ከአርባ አንድ ሰው አንደኛ ወጥቻለሁ። ሁለተኛ የወጣው የደብራችን ዘበኛ እስከ ዛሬ ሰላምታዬን በግማሽ አፉ ነው የሚመልሰው። መምህርታችን እስከዳር «ጋሽ አበረ፣ እርስዎ ሲጽፉ እኮ እስክሪብቶው ያልበዋል» ትለኛለች፤ ምስጋና መሆን አለመሆኑን አልጠየቅኋትም።

ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁት ምሥጢር መያዝ አቅቶኝ ሳይሆን፣ በጆሮዎ ዘጠኝ ጊዜ የነገርሁዎት ነገር ስላልገባ ምናልባት በሰው ዓይን ዞሮ ይገባ እንደሆነ ብዬ ነው። የእርስዎንም ሆነ የጋራዥዎን ስም አለመጻፌን እንደ ትሕትና እንዳይቆጥሩልኝ፤ ማስታወቂያ በነጻ አልሠራም።

ወደ ምስጋናዬ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላስታውስዎት። ገና በመጀመሪያው ቀን፣ መኪናዬን ግቢዎ አስገብቼ ሳልቀመጥ፣ ልጄ ሙሉመቤት የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወደ እኔ ቤት እንደመጣች፣ ቀኗም ከኅዳር እንደማያልፍ፣ የደም ግፊት ስላለባት የጤና ኤክስቴንሽኗ «ምጥ ሲጀምራት በቀጥታ ሆስፒታል፤ መኪና ከደጃችሁ እንዳይጠፋ» እንዳለችን ነግሬዎታለሁ። እርስዎም «ለሦስት ቀን ሥራ ይኼን ያህል አያስቡ፣ አባባ» አሉኝ። እንግዲህ ምስጋናዎቼን በግዕዝ ቁጥር እዘረዝራለሁ። በሌላውም ቁጥር መጻፍ እችላለሁ።

፩. በመጀመሪያ ስለ ሣቅዎ አመሰግናለሁ።

በጥቅምት ወር መኪናዬ አመል አወጣች። ጉድጓድ ሲመታት ትጠፋለች፤ መብራት ሲበራባት ጉልበቷ ይከዳታል፤ የሞተሯ ቢጫ መብራት ቦግ እልም ይላል፤ ሲላት ደግሞ አንድ ቀን ሙሉ እንደ ጤነኛ ትውላለች። የሚነዳት የእኅቴ ልጅ ምንይሉ ነው፤ ከመሪው ወዲያ ያለውን ግን እሱም እንደ እኔው አያውቅም። ዘመሮ ወሰድናትና የመኪና ኤሌክትሪክ ለሚሠራው ለተገኘ አሳየናት። ተገኘ ጋራዥም ማሽንም የለው፤ አንድ የብረት ሣጥንና ጫፉ ላይ አምፖል የታሰረበት ሽቦ ብቻ ነው ያለው። ኮፈኑን ከፍቶ ሽቦዋን ወዲህ ወዲያ ሲያስነካ ቆየና ቀና ብሎ፣ «ጋሼ፣ ችግርዎ ማሳ ነው። ማሳው ላልቷል፤ ላጽዳልዎት» አለኝ።

እኔ በምንዝ ምድር ማሳ ሲባል የማውቀው አንድ ነገር ነው። ገብሴ ሊታጨድ ጥቂት ቀን ቀርቶት፣ አላፊ አግዳሚው ቆሞ የሚያደንቀው ሆኖ ሳለ፣ መኪና እንዲያይ የጠራሁት ልጅ ማሳዬን ሲያንኳስስ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። «ወደ እርሻህ ተመለስ፣ መኪና ምንህ ነው ማለትህ ነው?» ብዬ፣ ሌላም ሌላም ብዬ፣ ሊያስረዳኝ ሲሞክር ጀርባዬን ሰጥቼው ወደ እርስዎ ትልቅ ጋራዥ መጣሁ።

ይህንኑ ለእርስዎ እንደ ቀልድ አጫወትሁዎት። «የዘመሮው ባለሙያ መኪናዬን አይቶ ማሳህ ተበላሽቷል አለኝ፤ ትንሽ ብቆይ ኖሮ በጎችህ ሳል ይዟቸዋል ይለኝ ነበር» ስልዎት፣ ጋራዡ በሙሉ ሣቀ። ከሁሉ አብልጠው የሣቁት እርስዎ ነበሩ፤ ዕንባዎን በመሐረብ ሲጠርጉ በዓይኔ አይቻለሁ። ያን ዕለት፣ የከተማ ሰው ማሣቅ የምችል ሰው ነኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ይህ ሣቅ ወደ ታች ሲወርዱ ስለሚያስፈልግዎት ከወዲሁ ያስቀምጡት።

፪. ስለ ማሽንዎ አመሰግናለሁ። አንድ ጊዜ ቢሰኩት አሥራ አራት በሽታ አወጣ። እኛ ዘንድ ኮከብ የሚቆጥር ደብተራ እንኳ ባንድ ቁጭታ ከሦስት በላይ አያወጣም፤ ለሦስቱም ቢሆን መድኃኒቱ ጥቁር ዶሮ ነው። የእርስዎ መድኃኒት ግን «ኮምፒውተሯ ተቃጥሏል፤ የመኪናዋ አንጎል ማለት ነው፣ መቀየር አለበት» የሚል ነበር። አዲሱ የማይቀመስ ስለሆነ ያገለገለ እንደሚያፈላልጉልኝ በርኅራኄ ነገሩኝ። የርኅራኄዎ ዋጋ አሥራ ሁለት ሙክት በግ ሆነ።

፫. ስለ ወረቀቱ። «አባባ፣ ቀለሙ እዚህ አለ» ብለው የአውራ ጣት ቀለሙን ወደ እኔ ሲገፉት ደሜ ፈላ። ቀለሙን መልሼ ገፍቼ፣ እስክሪብቶ ተቀብዬ፣ የ«ወ»ን ሆድ አሳምሬ፣ ሠራተኞችዎ ዙሪያዬን እስኪቆሙ ድረስ ሳልቸኩል ፈረምሁ። በፊርማው ስመካ ማንበቡን ረሳሁት። ቤቴ ገብቼ ጣቴን ከፊደል ፊደል እያስኬድሁ ሳነበው፣ «ባለንብረቱ ኮምፒውተሩ እንዲቀየርለት በራሱ ፈቃድ ጠይቋል፤ ሌላ ምርመራ አልፈለገም» ይላል። በዚህ እርስዎን አልወቅስም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ፊርማው ግን ማማሩን ሊክዱኝ አይችሉም።

፬. ሦስቱን ቀን ሠላሳ ሰባት ስላደረጉልኝ።

መጀመሪያ ያስመጡት ኮምፒውተር የቁጥሩ መጨረሻ ከእኔው ጋር ስለማይመሳሰል አልገጠመም ተባለ። ሁለተኛው ገጠመ፤ ነገር ግን «ቁልፉና ኮምፒውተሩ ገና አልተዋወቁም» አሉኝ። እኛ አገር ሁለት ሰው ለመተዋወቅ የማን ልጅ ነህ፣ አገርህ ወዴት ነው መባባል ይበቃዋል፤ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ዝምድና ይገኛል። የእርስዎ ቁልፍና ኮምፒውተር ግን ሃያ ቀን ተያዩና አልተግባቡም። እኔም ዘጠኝ ጊዜ ደወልሁ፤ እርስዎም ዘጠኝ ጊዜ፣ በዚያ ለስላሳ ድምፅዎ፣ አንዲት ቃል ብቻ መለሱልኝ፦ «ይታገሱ።»

ዘጠነኛው ስልክ ኅዳር ሃያ ዘጠኝ ቀን ጠዋት ነው። «ልጄን ምጥ ይዟታል፤ ሰው ልከን እንጎትታታለን፣ ወይም አሮጌውን ኮምፒውተር መልሰው እንዳመጣናት ይስጡን፣ እየጠፋችም ቢሆን ታደርሰናለች» አልሁዎት። ስልኩን ጮክ አድርጌው ስለነበረ መልስዎን ሙሉመቤትም ሰማችው።

ከዚያ በኋላ ስምንት ሰው ቃሬዛዋን ተሸክሞ ወደ መሐል ሜዳ ሆስፒታል ወጣ። የጓሳን ሜዳ ሳናጋምስ «አውርዱኝ» አለች። አብረውን የወጡት ሴቶች ከበቧት፤ ወንዶቹ ፊታችንን አዙረን፣ በርኖሳችንን አውልቀን ለነፋሱ መጋረጃ አደረግነው። ልጁ እዚያው ሣሩ ላይ ተወለደ፤ በባና ጠቅልለን እናቱ ደረት ላይ አደረግነው። እሷ ግን ደሟ አልቆም ብሎ ነበርና፣ ሆስፒታል እስክንደርስ ሁለት ጊዜ ስሟን ጠርቼ አልመለሰችልኝም።

እዚህ ላይ የሚሆን ቀልድ ፈልጌ አጣሁ። ወደሚቀጥለው ቁጥር አልፋለሁ።

፭. ስለ መመለሷ። ሙሉመቤት ሆስፒታል ተኝታ፣ ደም ተሰጥቷት ዓይኗን በገለጠች በሦስተኛው ቀን፣ መኪናዬም፣ ቁልፉ በስንት መከራ ተግባብቶላት፣ ከነእንግዳ አንጎሏ ተለቀቀች። አሮጌውን ኮምፒውተር እንዳልወስድ «ምን ያደርግልዎታል፣ ቆሻሻ ነው» ቢሉኝም፣ የታረደ በግ ቆዳው ለባለቤቱ ነው ብዬ በነጠላዬ ጠቅልዬ ያዝሁት። ምንይሉ እየነዳ፣ እኔ አንጎል ታቅፌ፣ ጓሳ ላይ ስንደርስ ያችው የጥንቷ ጉድጓድ መታችንና መኪናዬ ጠፋች። አጠፋፏ እንኳ አልተለወጠም።

ምንይሉ ሳያማክረኝ ለተገኘ ደወለለት። ልጁ በሰው ሞተር ብስክሌት መጣ፤ የሰደብሁትን አላነሣም፣ እኔም አላነሣሁበትም። የአሥር ቁጥር ቁልፍና ቁራጭ የብርጭቆ ወረቀት አወጣ፤ ከባትሪው ሥር አንድ ሽቦ ፈታ፤ ጫፉን ፈትጎ፣ ብረቱንም ፈትጎ መልሶ አጠበቀው። ጊዜው አንድ መዝሙረ ዳዊት እንኳ አያስደግምም። መኪናዬ ተነሣች፤ ጉድጓዷን ሦስት ጊዜ ብንመላለስባትም ንቅንቅ አላለችም። ከዚያ ተገኘ እቅፌን አየና «እስቲ እሱን ያምጡት» አለ። የእርስዎን አንጎል አውጥቶ የእኔን መለሰ። የመኪናዋ ቁልፍ ገና ሲገባ እንደ ድሮ ወዳጅ አወቀው፤ ሞተሩም ተነሣ። ተቃጠለ ያሉት እሱ ነበር።

ያን ጊዜ ነው «ያ ማሳ ያልኸኝ ነገር ምን ነበር?» ያልሁት። ልጁ በጣቱ ሽቦውን ነክቶ «ይኼ ነዋ» አለኝ። ለካ ማሳ ማለት በመኪና ሰዎች ዘንድ ከባትሪው ወደ መኪናው ብረት የሚታሰረው፣ መሬቱ የሚባለው ሽቦ ነው፤ ጣልያን ጥሎት የሄደው ቃል ነው አሉ። እሱ ሲላላ ኤሌክትሪኩ ይቀንሳል፤ ጤነኛው አንጎልም ይዘባርቃል፣ ማሽኑም አሥራ አራት በሽታ ይቆጥራል። «የራበው ሰው ቢቀባጥር እንጀራ ይሰጠዋል እንጂ ጭንቅላቱ አይቀየርም፣ ጋሼ» አለኝ ተገኘ።

እንግዲህ ያስቀመጡትን ሣቅ ያውጡት። ያን ዕለት ከሣቅነው ሁሉ እኔ ቃሉን ስለማላውቀው ሣቅሁ፤ ሠራተኞችዎም አለቃቸው ስለሣቀ ሣቁ ልበል። እርስዎ ግን ያውቁታል። በሽታዋን ከነስሙ፣ በነጻ፣ በገዛ አፌ ነገርሁዎት፤ እርስዎም ዕንባዎን ጠርገው አንጎሏን ፈቱት። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ የሚለውን ተረት እርስዎም ሳይሰሙት አልቀሩም፤ ሥሩ ግን የሚያስከፍለው የአሥር ቁጥር ቁልፍ ብቻ ስለሆነ ንግድ አይሆንም።

፮. ይህ እንኳ ምስጋና ሳይሆን ስጦታ ነው። አንጎሉ በእውነት የተቃጠለበት ሰው ሲመጣብዎት፣ ተገኘ የነገረኝን ልንገርዎት። አስቀድሞ ባትሪው፣ ፊውዙና ማሳው ይታያል። ደኅና ከሆኑ ኮምፒውተሩ ተከፍቶ ይጠገን እንደሆነ ይሞከራል፤ ብዙው በብየዳ ይድናል። ካልዳነ፣ ቁጥሩ እስከ መጨረሻዋ ምልክት የሚመሳሰል ያገለገለ ይፈለግና የአሮጌው ማስታወሻ ወደ እሱ ይገለበጣል። ያኔ ቁልፉ እንግዳ አይሆንበትም፤ ሃያ ቀንም መተያየት አያስፈልግም፤ ዋጋውም ከአሥራ ሁለት በግ በብዙ ይወርዳል። የእርስዎ ኮምፒውተር አሁን ከቤቴ የጠላ ጋን መክደኛ ላይ ተጭኖ እያገለገለ ስለሆነ፣ ከስሮ ቀረ ብለው አይዘኑ።

በጎቹን መልሱ አልልም። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በገዛ እጄ፣ በትልልቁ፣ በካርቶን ላይ የጻፍሁትን ልኬልዎታለሁና ከማሽንዎ በላይ ይስቀሉት። «ከአንጎል በፊት ማሳ» ይላል። እንደ እኔ ያለ ሰው ሲመጣ አይቶት ይሥቃል፤ እርስዎ ግን እንዳይሥቁ።

አሥራ አራት በሽታ በማይገኝበት ጤንነት፣ ከማይላላ መሬት ጋር እንዲያኖርዎት እየተመኘሁ፣ ከፍ ባለ አክብሮት፣ በአውራ ጣት ሳይሆን በፊርማ፣ አንብቤም ጭምር፣

አበረ ወልደ አማኑኤል
የደብል ጋቢና ባለቤት፣ በማታው ትምህርት አንደኛ

ግልባጭ፦
ለመሐል ሜዳ መናኸሪያ ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለማታው ትምህርት ክፍላችን፣ ለንባብ መለማመጃ
ለተገኘ፣ ዘመሮ፤ በዚሁ አጋጣሚ፣ ወንድሜ፣ ይቅርታ

ከፊርማ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ሙሉመቤት ከሆስፒታል ወጥታ ቤቴ ገንፎዋን እየበላች ነው። ልጁም ደኅና ነው። የክርስትና አባቱ ተገኘ ይሆናል። የዓለም ስሙን ግን ያወጣችው እናቱ ናት፤ ያን ዕለት በስልኩ የሰማችውን ይዛ «ይታገሱ» ብላዋለች። ስለዚህ የስም አባቱ እርስዎ ነዎትና፣ ጥር ስምንት ቀን ለክርስትናው ቢመጡ ደስታችን ነው። መኪናዬን ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ድረስ ልኬ አስመጣዎታለሁ። ከጠዋት ጀምረው ይቁሙ፤ ብትዘገይብዎት የልጁን ስም እየጠሩ ይቆዩ።